«ጋዝ አልቋል» ከመባሉ በፊት የፍሪጃችሁን ጀርባ እዩት

ፍሪጁ እንደ ድሮው አላቀዘቅዝ ብሏል። ሞተሩ ቀን ከሌት ያጉረመርማል፤ ዝም የሚልበት ሰዓት ጠፍቷል። ወተቱ ያለ ጊዜው ይበላሻል። ሠራተኛ ይጠራል፣ ይመጣል፣ በሩን ከፈት አድርጎ ውስጡን በእጁ ዳበስ ያደርግና «ጋዝ አልቋል» ይላል። ከዚያ ወዲያ ያለው ወሬ የገንዘብ ነው።

አንዳንዴ ልክ ነው፣ ጋዙ ጎድሎ ይሆናል። ግን ያ ፍርድ ከመሰጠቱ በፊት መታየት ያለባቸው ሁለት ነገሮች አሉ፤ ሁለቱም ከፍሪጁ ጀርባ ወይም ከሥሩ ናቸው፣ ሁለቱንም እናንተው ልታዩዋቸው ትችላላችሁ። አንደኛው ኮንደንሰሩ ላይ፣ ማለትም ሙቀት ወደ ውጭ በሚጥለው ጥምዝምዝ ቱቦ ላይ፣ የተጋገረው አቧራ ነው። ሁለተኛው እዚያው አጠገቡ ያለችው ትንሿ ፋን ናት።

ስለ ጋዙ አንድ ነገር ብቻ ልበል። የፍሪጅ ጋዝ እንደ ምድጃ ጋዝ እየነደደ አያልቅም፣ ስለሠራም አይቀንስም። በተበየደ ቱቦ ውስጥ ታሽጎ ይዞራል፤ የሆነ ቦታ ካልሾለከ በስተቀር ፍሪጁ እስኪያረጅ ድረስ ያው የመጀመሪያው ጋዝ ነው። «በየሁለት ዓመቱ ማስሞላት ያስፈልጋል» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ አመስግናችሁ ሸኙት።

አሁን ወደ ነገሩ። ፍሪጅ ቅዝቃዜ አያመርትም። ከውስጥ ሙቀት ይለቅምና ወደ ውጭ ይጥላል፤ ሥራው ይኸው ነው። ይህን ከያዛችሁ ሌላው ሁሉ ቀላል ነው።

ከታች በጀርባ በኩል ያለው ድቡልቡል ጥቁር ብረት ኮምፕረሰር ነው፣ ብዙ ሰው «ሞተሩ» የሚለው። ጋዙን ይጨምቀዋል። ጋዝ ሲጨመቅ ይግላል። ይህ ደግሞ የተፈለገ ነገር ነው፤ ሙቀት በራሱ ጊዜ የሚሄደው ከሞቀው ወደ ቀዘቀዘው ስለሆነ፣ ጋዙ ሙቀቱን ለክፍሉ አየር እንዲሰጥ ከክፍሉ አየር የበለጠ መሞቅ አለበት። የጋለው ጋዝ ኮንደንሰር ውስጥ ይገባል። ኮንደንሰር ማለት እየተጠማዘዘ የሚሄድ ረጅም ቱቦ ነው፤ ሙቀቱ ቶሎ እንዲወጣ ቀጫጭን ሽቦዎች ወይም ስስ የአሉሚኒየም ቅጠሎች ተያይዘውበታል። እዚህ ጋዙ ሙቀቱን ይተፋና ወደ ፈሳሽነት ይለወጣል። ፈሳሹ ማጣሪያ አልፎ የውስጥ ስፋቷ ብዙ ጊዜ 1 ሚሊ ሜትር እንኳን በማይሞላ ቀጭን ቱቦ ውስጥ ተጨናንቆ ያልፋል፣ ከዚያ ወደ ሰፊው የፍሪዘር ቱቦ ሲገባ ግፊቱ በአንዴ ይወርዳል። ግፊት ሲወርድ ፈሳሹ መፍላት ይጀምራል። መፍላት ስላችሁ እንደ ውሃ በ100 ዲግሪ አይደለም፤ በአሁኖቹ ፍሪጆች ውስጥ የሚገኘው አር600ኤ የሚባለው ጋዝ በተራ የአየር ግፊት የሚፈላው ከዜሮ በታች 12 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፤ ከሱ በፊት በብዛት የነበረው አር134ኤ ደግሞ ከዜሮ በታች 26 ገደማ ላይ። ለመፍላት የሚያስፈልገውን ሙቀት የሚወስደው ከምግባችሁ ነው። ከዚያ ጋዝ ሆኖ ወደ ኮምፕረሰሩ ይመለሳል፣ ዑደቱ እንደገና ይጀምራል።

በነገራችን ላይ፣ ሲሞቃቸው የፍሪጅ በር ከፍተው ክፍሉን ሊያቀዘቅዙ የሚሞክሩ ሰዎች አሉ። ከኋላ የሚወጣው ሙቀት ከውስጥ የተለቀመው ብቻ አይደለም፤ ኮምፕረሰሩ የበላው ኤሌክትሪክም ሙቀት ሆኖ አብሮ ይወጣል። ስለዚህ በር ከፍታችሁ ብትቀመጡ ክፍሉ ጭራሽ ይብሳል።

እንግዲህ ሙቀቱ የሚወጣው በኮንደንሰሩ ብቻ ከሆነ፣ ኮንደንሰሩ በአቧራ ሲሸፈን ምን እንደሚሆን መገመት አይከብድም። አቧራ ሙቀት በደንብ አያሳልፍም። በዚያ ላይ በቱቦዎቹና በቅጠሎቹ መካከል ያለውን ክፍተት ይደፍናል፣ አየር ማለፊያ ያጣል። ወጥ ቤት ውስጥ ከሆነ ደግሞ ከሚበስለው የሚወጣው የዘይት እንፋሎት አቧራውን ያጣብቀዋል። በጊዜ ብዛት ግራጫ፣ ወፍራም፣ ሲላጥ እንደ ጨርቅ ተያይዞ የሚመጣ ነገር ይሆናል። ድመት ወይም ውሻ ያለበት ቤት ፀጉሩም ይጨመርበታል፤ በተለይ ኮንደንሰሩ ከሥር የሆነ ፍሪጅ የወለሉን ሁሉ ጠርጎ ወደ ውስጡ ይስበዋል።

ጤነኛ ኮንደንሰር አብዛኛውን ጊዜ ከክፍሉ ሙቀት በ10 ወይም በ15 ዲግሪ ከፍ ብሎ ይሠራል። ክፍሉ 25 ከሆነ ኮንደንሰሩ ከ35 እስከ 40 ነው ማለት ነው። አቧራ ሲሸፍነው ግን ያንኑ ሙቀት ለማውጣት ከዚህ በላይ መጋል ይኖርበታል። ሙቀቱ ሲጨምር በቱቦው ውስጥ ያለው ግፊት ይጨምራል፣ ኮምፕረሰሩም ያንን ግፊት እየገፋ መሥራት አለበት። ብርድ ልብስ ተከናንቦ የሚሮጥ ሰው በሉት፤ ያው ርቀት ነው፣ ድካሙ ግን ሌላ። ብዙ ኤሌክትሪክ ይበላል፣ ያነሰ ሙቀት ያነሳል፣ ስለዚህ ለረጅም ሰዓት ይሠራል፣ ለረጅም ሰዓት ስለሠራ ደግሞ ራሱም ይግላል። ውስጡ ያለው የማለስለሻ ዘይት ሙቀት ሲበዛበት ይበላሻል። መጨረሻ ላይ ኦቨርሎድ የሚባለው ትንሽ መከላከያ «በቃ» ብሎ ይቆርጠዋል። «ጠቅ» የሚል ድምፅ ትሰማላችሁ፣ ጸጥ ይላል፣ ደቂቃዎች ቆይቶ እንደገና ለመነሳት ይሞክራል። ሙቀት በበዛበት ቀን ጨዋታው ይደጋገማል።

የኤሌክትሪክ ቆጣሪውን ነገር ብዙ ሰው ያጋንነዋል። ኮንደንሰር ስለጸዳ ክፍያችሁ በግማሽ አይወርድም። ስስ አቧራ ብቻ ከነበረ ልዩነቱን ላታዩትም ትችላላችሁ። እኔን የሚያሳስበኝ ኮምፕረሰሩ ነው። ከፍሪጁ ሁሉ ውዱ ዕቃ እሱ ነው፤ እሱ ከሄደ ብዙ ጊዜ ጥገናው ከአዲስ ፍሪጅ ዋጋ ጋር መወዳደር ይጀምራል።

ኮንደንሰሩ የት ነው ታዲያ? እንደ ፍሪጁ ይለያያል። ጀርባው ላይ ከላይ እስከ ታች ጥቁር የሽቦ ፍርግርግ ካያችሁ እሱ ነው፤ ይህ ዓይነቱ አብዛኛውን ጊዜ ፋን የለውም፣ ሞቃት አየር በራሱ ወደ ላይ ስለሚወጣ በዚያው ይተነፍሳል። ጀርባው ልሙጥ ሆኖ ከታች በብሎን የታሰረ የካርቶን ወይም የስስ ቆርቆሮ መከለያ ካለው ኮንደንሰሩ ሥር ነው፣ ከኮምፕረሰሩ ጎን፣ ከፋን ጋር። አንዳንዱ ከፊት ለፊት ከበሩ ሥር ባለው ፍርግርግ በኩልም ይታያል። ከቁም ሳጥን ጋር ተገጥመው የሚሠሩት ትልልቆቹ ደግሞ ከላይ በኩል ሊኖራቸው ይችላል። እነዚህ ቦታዎች ሁሉ ላይ ካጣችሁት፣ የፍሪጁን ሁለት ጎኖች ሞተሩ እየሠራ ሳለ ዳስሱ። ለብ ካሉ ኮንደንሰሩ ከጎኑ ቆርቆሮ ውስጥ ተቀብሯል። የዚህ ዓይነቱ ፍሪጅ ኮንደንሰር አይጸዳም፤ የምታደርጉለት ነገር ቢኖር ጎኖቹን ከግድግዳና ከቁም ሳጥን ማራቅ ነው። ብዙ ሰው የጎኑን ሙቀት አይቶ ይደነግጣል። ሥራው ነው። በሮቹ የሚገጥሙበት ፍሬም ለብ ማለቱም እንደዚሁ፤ እዚያ ጤዛ እንዳይቋጥር ሲባል የጋለው ቱቦ ሆን ተብሎ እንዲዞርበት የተደረገባቸው ብዙ ናቸው።

ወደ ጽዳቱ ስትገቡ መጀመሪያ ሶኬቱን ንቀሉ። የቅዝቃዜ ማዞሪያውን ዜሮ ላይ ማድረግ አይበቃም፤ ቅዝቃዜውን የሚቆጣጠረው ቴርሞስታት ቢዘጋም ከኋላ ያሉት ሽቦዎች ኃይል ሊኖራቸው ይችላል። ከነቀላችሁ በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል ተዉት፤ ከሥራ የወጣ ኮምፕረሰር ጣት ያቃጥላል። ምግቡን አታስቡ፤ በሩ ካልተከፈተ ለ4 ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ይይዛል፣ እናንተ ደግሞ ከሁለት ሰዓት በላይ አትቆዩም።

ከበሩ ላይ ከባባድ ጠርሙሶችን አውጡ፣ ከዚያ ፍሪጁን ቀጥ አድርጋችሁ ወደ ፊት ሳቡት። አታጋድሙት። በረዶ የሚሠራ ወይም ውሃ የሚቀዳ ፍሪጅ ከሆነ ከኋላው የውሃ ቱቦ አለ፤ ሳታዩት ከጎተታችሁ ወለሉ ይጥለቀለቃል። ጓንት አድርጉ። የእነዚህ መከለያዎች የቆርቆሮ ጠርዝ ምላጭ ነው።

አሁን ከኮምፕረሰሩ አካባቢ የተለጠፈውን ወረቀት አንብቡ። የጋዙ ዓይነትና መጠኑ በግራም ተጽፎበታል። ቢጫ ሦስት ማዕዘን ውስጥ የእሳት ነበልባል ካለ ጋዙ የሚቀጣጠል ነው፣ ብዙ ጊዜ አር600ኤ። በ1987 የተፈረመው የሞንትሪያል ስምምነት ኦዞንን የሚጎዳውን የድሮውን አር12 ካስወጣው በኋላ መጀመሪያ አር134ኤ ተተካ፣ እሱ ደግሞ ከባቢ አየርን በጣም የሚያሞቅ ሆኖ ስለተገኘ አምራቾች ወደዚህኛው ዞሩ። መጠኑ ትንሽ ነው፣ ብዙ ጊዜ 100 ግራም እንኳን አይሞላም፣ ታሽጎ እስካለ ድረስም ምንም አያደርግም። ትርጉሙ ለእናንተ አንድ ነው፤ ቱቦው አይበሳ። ቢላ፣ መርፌ፣ ካቻቢቴ፣ የሽቦ ብሩሽ ኮንደንሰሩ አጠገብ አይድረስ። ድንገት «ሽሽሽ» የሚል ድምፅ ከሰማችሁ መስኮት ክፈቱ፣ እሳት ካለ አጥፉ፣ ማብሪያ ማጥፊያ አትንኩ፣ ከክፍሉ ውጡና አየሩ እስኪለወጥ ጠብቁ። የጋዙ ሽታ እዚህ ግባ የሚባል ስላልሆነ «አልሸተተኝም» ብላችሁ አትመኑ።

የሚያስፈልጋችሁ ዕቃ ቫኪዩም ከነቀጭን አፉ፣ ረጅም ለስላሳ ብሩሽ፣ ካቻቢቴ (ለመከለያው ብሎኖች ብቻ)፣ የእጅ ባትሪ ነው። ለኮንደንሰር ተብሎ የሚሸጥ እንደ ጠርሙስ ማጠቢያ ረዘም ያለ፣ ጫፉ እየሾለ የሚሄድ ብሩሽ አለ፤ ካገኛችሁ ግዙት፣ ካላገኛችሁ ለስላሳ የቀለም ብሩሽ እንጨት ላይ ታስሮ ይሠራል። ቫኪዩም የሌለው ሰው በብሩሽ ብቻ ሊጨርሰው ይችላል፣ አፉንና አፍንጫውን ሸፍኖ።

ከኋላ ያለው ክፍት ፍርግርግ ቀላሉ ነው። ከላይ ጀምራችሁ ወደ ታች ብሩሹን በቱቦዎቹ መካከል እየነዳችሁ፣ ቫኪዩሙን ከሥሩ ይዛችሁ ውረዱ። ከፍርግርጉና ከፍሪጁ ገላ መካከል ያለው ክፍተት ይረሳል፤ አቧራው ደግሞ የሚደበቀው እዚያ ነው። ዘይት ካጣበቀው ለብ ባለ ውሃና በትንሽ የዕቃ ሳሙና የተነከረ፣ በደንብ የተጨመቀ ጨርቅ ይወስደዋል፣ ከዚያ በደረቅ ጨርቅ ማድረቅ ነው። ወደ ኮምፕረሰሩና ወደ ሽቦዎቹ ግን እርጥብ ጨርቅ አይጠጋ። ውሃ ማፍሰስማ ጨርሶ አይታሰብም።

ከሥር ያለው ነው ትዕግሥት የሚጠይቀው። መከለያውን የያዙትን ብሎኖች ፍቱና አንድ ሳህን ላይ አኑሯቸው። መከለያውን ከማንሳታችሁ በፊት በስልካችሁ ፎቶ አንሱት፤ ካነሳችሁት በኋላም ውስጡን ፎቶ አንሱ፣ ሽቦዎቹ በየት በኩል እንደሚያልፉ። አሁን በባትሪ ብርሃን ተመልከቱ። በግራ ወይም በቀኝ ኮምፕረሰሩ፣ በሌላው ጎን ተጠማዞ የተደራረበው ኮንደንሰር፣ በመሀላቸው ፋኗ። አየር የሚገባበት በኩል ያለው የኮንደንሰር ፊት ብዙ ጊዜ ግራጫ ብርድ ልብስ የለበሰ ይመስላል፣ ከኋላው ያለው ረድፍ ግን ንጹሕ። አብዛኛው አቧራ የሚቀመጠው አየሩ መጀመሪያ ከሚነካው ላይ ስለሆነ ነው፤ የፊቱን ንብርብር ብቻ በጥንቃቄ ስትልጡት ግማሹ ሥራ ይጠናቀቃል። ቅጠል ያለው ከሆነ ብሩሹን በቅጠሎቹ አቅጣጫ ብቻ አስኪዱ፤ በአግድም ከሄዳችሁ ይታጠፋሉ፣ የታጠፈ ቅጠል ደግሞ እንደ አቧራው ሁሉ አየር ይዘጋል። ከዚያ ከፊት በኩል፣ ከበሩ ሥር ያለውን ፍርግርግ አውልቃችሁ ብሩሹን ከዚያም አስገቡ፤ ከኋላ የማይደረስበት ቦታ ከፊት ይደረስበታል።

የአየር መንፊያ ያላችሁ ልትጠቀሙበት ትችላላችሁ፣ ብሩሽ የማይደርስበትን ያወጣል። ግን አቧራው የትም አይጠፋም፣ ከፍሪጁ ወጥቶ ወጥ ቤቱ ላይ ይበተናል። ስትነፉም የፋኗን ምላጭ፣ ማለትም የምትዞርበትን ክንፍ፣ በእጃችሁ ያዙት። በነፋሱ ከልኩ በላይ ከተሽከረከረች ማዞሪያዋ (ዘንጓ የሚሽከረከርበት ቤሪንግ) ይጎዳል። ሲያልቅ ወለሉን በደንብ ጥረጉ፣ አለዚያ የወደቀውን ሁሉ ፋኗ በማግሥቱ መልሳ ትሰበስበዋለች።

ፋኗ ጋ ደረስን። ከኮንደንሰሩ ይልቅ የምትዘነጋው እሷ ናት፤ ኮንደንሰሩ ተወልውሎ እሷ ከቆመች ደግሞ ምንም አልተሠራም። ሥራዋ አየር በኮንደንሰሩ መካከል መሳብና ያንኑ አየር በኮምፕረሰሩ ላይ መንፋት ነው። ከፋን ጋር እንዲሠራ ተብሎ የተሠራ ኮንደንሰር ትንሽና የተጠቀጠቀ ስለሆነ፣ እሷ ስትቆም እንደ ኋላው ፍርግርግ በራሱ መተንፈስ አይችልም። ፍሪጁ በሰዓታት ውስጥ ይዳከማል።

ሶኬቱ እንደተነቀለ ምላጩን በጣት ግፉት። ጤነኛ ከሆነች ቀለል ብላ ትዞርና ቀስ እያለች ትቆማለች። ወዲያው ከቆመች፣ ከተንገጫገጨች፣ ወይም ሻጥ እያለች ከዞረች ማዞሪያው ደርቋል ወይም ፀጉርና ክር ዘንጉ ላይ ተጠምጥሟል። ክሩን በጥንቃቄ አውጡ። ከዚያ ምላጩን ወደ ላይና ወደ ታች ነቅነቅ አድርጉ፤ ሰፊ ልቅነት ካለው አልቋል። እያንዳንዱን ምላጭ በፊትም በኋላም ጥረጉ። በአንዱ ምላጭ ላይ ከሌላው የበዛ አቧራ ካለ ክብደቱ ይዛባል፣ ስትዞር ትንቀጠቀጣለች፣ ያ መንቀጥቀጥ ነው ማታ ማታ የሚሰማችሁ ጉርምርምታ፣ ውሎ አድሮም ማዞሪያውን የሚበላው እሱ ነው። ምላጩ ስንጥቅ ካለው ሙጫ አይረዳውም፣ ይቀየር።

የምትጮኸዋን ፋን ዘይት ጠብ ላድርግላት የሚል አለ። ቀጭን የማሽን ዘይት አንድ ጠብታ ዘንጉ ላይ ለጊዜው ዝም ያሰኛታል፣ እውነት ነው። የምግብ ዘይት ግን በፍጹም፤ ይደርቅና እንደ ሙጫ ይሆናል፣ አቧራም ይሰበስባል። ለማንኛውም መጮህ የጀመረች ፋን ዕድሜዋ ወደ ማለቁ ስለሆነ ቀድማችሁ መተኪያ ፈልጉ። የምትገዙት ከአሮጌዋ ጽሑፍ ጋር ይመሳከር፤ ቮልቴጁ፣ 50 ወይም 60 ኸርዝ መሆኑ፣ ዋቱ፣ የምትዞርበት አቅጣጫ። አዳዲሶቹ ፍሪጆች ላይ ከቦርድ (ፍሪጁን ከሚቆጣጠረው የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ) በ12 ቮልት አካባቢ የምትሠራ ፋን አለች፤ እሷን በቀጥታ ከግድግዳው ኃይል ጋር ያገናኘ ሰው የሚያየው ጭስ ነው። አሮጌዋን ከማውጣታችሁ በፊት ምላጩ ዘንጉ ላይ ምን ያህል ገባ ብሎ እንደተቀመጠና ፊቱ ወደየት እንደሆነ በማርከር ምልክት አድርጉ። ምላጩ ተገልብጦ ከተገጠመ ፋኗ ትዞራለች፣ ድምፅም ታሰማለች፣ የምትነፋው አየር ግን እዚህ ግባ አይባልም። ያኔ ችግሩን ፍለጋ ሳምንት ይፈጃል።

ከኮምፕረሰሩ በላይ ወይም ከጎኑ የፕላስቲክ ሳህን ታያላችሁ። ከፍሪዘሩ ቀልጦ የሚወርደው ውሃ እዚያ ይጠራቀምና በኮምፕረሰሩ ሙቀት ይተናል። ውስጡ አቧራ ከውሃ ጋር ተቦክቶ ዝቃጭ ይሆናል፣ ይሸታል። ከወጥ ቤቱ የማይታወቅ መጥፎ ሽታ ምንጩ አንዳንዴ ይኸው ነው። የሚወጣ ከሆነ አውጥታችሁ እጠቡት፣ የማይወጣ ከሆነ በጨርቅ ጥረጉት፣ ሳትጫኑት።

መከለያውን መልሱ! ይህን በቃለ አጋኖ የጻፍኩት ምክንያት አለኝ። ብዙ ሰው፣ ጠጋኞችም ጭምር፣ «ክፍት ሲሆን የበለጠ ይተነፍሳል» ብለው ያንን ካርቶን ይጥሉታል። አየር ሰነፍ ነው፣ በቀለለው መንገድ ይሄዳል። መከለያው ሲኖር ፋኗ የምትስበው አየር የግድ በኮንደንሰሩ መካከል አልፎ ነው የሚመጣው። መከለያው ሲጠፋ ግን ፋኗ ከጀርባዋ የተፋችውን ሙቅ አየር ዞር ብላ መልሳ ትስበዋለች፣ ኮንደንሰሩ ውስጥ የሚያልፍ ነገር የለም። ካርቶኑ ከተቀደደ በዚያው ልክ ሌላ ቆርጣችሁ ሥሩለት፤ ድሮ የነበሩትን የአየር ቀዳዳዎች እዚያው ቦታቸው ላይ አድርጉ። በኮንደንሰሩ ዙሪያ ወይም ከሥር የተለጠፈ የስፖንጅ ቁራጭ ካያችሁም አትንቀሉት፣ ሙቁንና ቀዝቃዛውን አየር የሚለየው እሱ ነው።

ወደ ቦታው ስትመልሱት ገመዱ ከእግሩ ሥር እንዳይገባ። ከግድግዳው ምን ያህል ይራቅ ለሚለው መመሪያው የሚለውን ያዙ፤ መመሪያው ከጠፋ ከኋላ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል፣ ከላይ ደግሞ ከዚያ ሰፋ ያለ ክፍተት ጥሩ መነሻ ነው። አናቱ ላይ የተከመረው ዕቃ ከጀርባው የሚወጣውን ሙቀት አይዝጋ። የፊት እግሮቹን ትንሽ ከፍ አድርጉት፣ በሩ በራሱ ይዘጋል። ሶኬቱን ከነቀላችሁ ገና 5 ደቂቃ ካልሞላው እስኪሞላ ጠብቁና ሰኩ፤ በቱቦው ውስጥ ያለው ግፊት ሳይመጣጠን ኮምፕረሰሩ ለመነሳት ይቸገራል። ድንገት አጋድማችሁት ከነበረ ደግሞ ዘይቱ ወደ ቦታው እስኪመለስ ለሰዓታት አቁሙት።

ከተነሳ በኋላ ከኋላ በኩል ባለው የአየር ቀዳዳ ላይ የሶፍት ቁራጭ አስጠጉ። ከተሳበች ወይም ከተገፋች ፋኗ እየሠራች ነው። ኮምፕረሰሩ ሲያርፍ እሷም ታርፋለች፣ ያ ጤና ነው። ውጤቱን ለማየት አትቸኩሉ። ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ቴርሞሜትር ነክራችሁ መሀል መደርደሪያ ላይ አስቀምጡና በማግሥቱ አንብቡ፤ 4 ዲግሪ ወይም ከዚያ በታች መሆን አለበት፣ ፍሪዘሩ ደግሞ ከዜሮ በታች 18። የውስጡ አየር በር በተከፈተ ቁጥር ስለሚለዋወጥ ያሳስታል፣ ውሃው ግን ይረጋል።

በምን ያህል ጊዜ ይጸዳ? በዓመት አንዴ ወይም ሁለቴ። ፀጉራም እንስሳ ካለ በየሁለት ሦስት ወሩ ባትሪ አብርታችሁ ተመልከቱ። የኋላ ፍርግርግ ያለው ፋን ስለሌለው አቧራ የሚሰበስበው ቀስ ብሎ ነው፣ ዓመት ይበቃዋል።

ሁሉንም አድርጋችሁ ካልተሻለው ችግሩ ሌላ ነው፣ የትኛው እንደሆነ ግን መገመት ይቻላል። ፍሪዘሩ በደንብ እያቀዘቀዘ የታችኛው ክፍል ብቻ ከሞቀ፣ ኮንደንሰሩን ተዉት፤ በረዶ የአየር መንገዱን ዘግቷል ወይም ቅዝቃዜውን ከፍሪዘሩ ወደ ታችኛው ክፍል የምትነፋው የውስጠኛዋ ፋን ቆማለች። በበሩ ዙሪያ ጤዛ ካለ ወረቀት በበሩ መካከል አድርጋችሁ ዝጉና ሳቡት፤ በቀላሉ ከወጣ ላስቲኩ ላልቷል። ከጽዳቱ በኋላም ያ «ጠቅ» የሚለው ድምፅ ካልቆመ ማስነሻው፣ የቤቱ ቮልቴጅ ወይም ኮምፕረሰሩ ራሱ ይታይ። ሙቀት ከፍ ባለበት ቦታ ከሆናችሁ ወረቀቱ ላይ የአየር ንብረት ምድቡንም ፈልጉ፤ ኤን የሚለው እስከ 32 ዲግሪ፣ ኤስቲ እስከ 38፣ ቲ እስከ 43 ዲግሪ ባለው ክፍል እንዲሠራ የታሰበ ነው። ኤን የተጻፈበትን ፍሪጅ 40 ዲግሪ ክፍል ውስጥ አስቀምጦ ጥፋተኛ መፈለግ ዋጋ የለውም።

ኮምፕረሰሩ ለረጅም ጊዜ እየሠራ ኮንደንሰሩ ግን ጨርሶ የማይሞቅ ከሆነ፣ የሚለቀም ሙቀት የለም ማለት ነው። ያኔ ሠራተኛው «ጋዝ የለውም» ቢል እመኑት፣ ወይ ደግሞ ኮምፕረሰሩ መጭመቅ አቁሟል። ጠይቁት ግን። በየት በኩል ነው የሾለከው? ቀዳዳው ሳይደፈን የሚሞላ ጋዝ ተመልሶ ይወጣል። ቱቦው ከተከፈተ ማጣሪያው መቀየር አለበት፣ ከመሞላቱ በፊትም ውስጡ ያለው አየርና እርጥበት በቫኪዩም ፓምፕ መውጣት አለበት። አሞላሉ ደግሞ ወረቀቱ ላይ በተጻፈው ግራም ነው፤ 50 ግራም በሚወስድ ፍሪጅ ላይ የ10 ግራም ስህተት አንድ አምስተኛው ነው፣ በዓይን ግምት የሚደረስበት አይደለም። ሚዛን ሳይዝ የመጣ ከሆነ ሌላ ሰው ጥሩ።